ግሥ ከባልንጀራው፦ የ1902ቱ የድንበር ውል የሚያስተምረን

ከገዳሪፍ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ገላባት ይደርሳል። ከማዶው መተማ ዮሐንስ አለች። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው ክረምት ሲገባ የሚሞላ፣ በጋ ሲሆን የሚደርቅ ኾር ነው። ነጋዴው፣ አራሹና የቀን ሠራተኛው ሲመላለሱበት የኖሩት ይህ ወሰን ግን የተወለደው በኾሩ ዳር አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ፣ ሜይ 15 ቀን 1902 እ.ኤ.አ. በተፈረመ ውል ነው። ፈራሚዎቹ ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን ነበሩ። ውሉ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ተጽፎ ሁለቱም ቅጂዎች እኩል ሕጋዊ እንዲሆኑ ተደንግጓል።

ስለዚህ ውል የታሪክ ሰዎች ብዙ ጽፈዋል። እንግሊዝኛ ለሚማር ሰው የሚሰጠው ትምህርት ግን እምብዛም አልተነገረለትም። ትምህርቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ የእንግሊዝኛ ግሥ ትርጉሙን የሚያገኘው አብረውት ከሚቆሙት ስምና መስተዋድድ ነው።

ለምሳሌ «ቴክ» የሚለውን ግሥ መዝገበ ቃላት «ወሰደ» ብሎ ይፈታዋል። ነገር ግን እንግሊዛዊ በዚሁ በአንዱ ግሥ መድኃኒት ይውጣል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል፣ ፈተና ይፈተናል፣ አውቶቡስ ይሳፈራል። «ሜክ» የሚለውም «ሠራ» ነው ይባላል፤ ይሁንና እንግሊዛዊ ሰላምን «ሲሠራ»፣ አማርኛ ተናጋሪ እርቅን «ያወርዳል»። መስተዋድዱም እንዲሁ ኃይል አለው። «አግሪ» የሚለው ግሥ «ዊዝ» ሲከተለው ከሰው ጋር መስማማት፣ «ኦን» ሲከተለው በአንድ ጉዳይ ላይ መስማማት፣ «ቱ» ሲከተለው ደግሞ ሌላው ያቀረበውን ሐሳብ መቀበል ይሆናል። በአንዲት ፊደል ዘር በማትሞላ ቃል ምክንያት አቅራቢውና ተቀባዩ ይለያያሉ።

ይህ ጠባይ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። ዛፍ ይቆረጣል፤ ትኬት ይቆረጣል፤ ቀን ይቆረጣል፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ ተስፋም ይቆረጣል። ድንበር ደግሞ ይገፋል፣ ይጣሳል፣ ይካለላል። የአማርኛ ልጅ እነዚህን ጥንዶች ከእናቱ አፍ ስለሚማራቸው አያስተውላቸውም። ሌላ ቋንቋ ሲማር ግን ግሡን ከባልንጀራው ነጥሎ ያጠናና ወዲያው ይደናቀፋል።

መንግሥታትም በዚህ ተደናቅፈዋል። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ላይ፣ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ኢጣሊያ በራሷ ቅጂ ግዴታ እንደገቡላት ቆጠረችው። የአንድ ግሥ ልዩነት ከሌላው ምክንያት ጋር ተደምሮ እስከ ዓድዋ አደረሰ። ስለዚህ በ1902 ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዓይነትና እኩል ሕጋዊ ይሁኑ መባሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁን እንጂ በእኩልነት ታውጀውም ቃላቱ እኩል አልሆኑም።

ውሉ በአንቀጽ 3 ስለ ጥቁር ዓባይ፣ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ሶባት ይናገራል። በእንግሊዝኛው ምኒልክ የገቡት ቃል፣ ያለ ስምምነት የውኃውን ፍሰት «አሬስት» የሚያደርግ ሥራ «አክሮስ» እነዚህ ውኃዎች ላለመሥራትና ላለማሠራት ነው። «አሬስት» ከሰው ጋር ሲቆም ማሰር ነው። ከበሽታ ጋር ሲቆም እንዳይስፋፋ መግታት ነው። ከልብ ጋር ሲቆም ፈጽሞ ቀጥ ማለት ነው። ከወንዝ ፍሰት ጋር ሲቆምስ? መቀነስም ይጨምራል ወይስ ጨርሶ ማቆም ብቻ ነው? የአማርኛው ቅጂ ለዚህ የመረጠው ግሥ «ደፈነ» ነው፤ «አክሮስ» የሚለውንም መስተዋድድ ከዳር እዳር በሚል አነጋገር ገልጾታል። በአማርኛ ጉድጓድ ይደፈናል፣ ቀዳዳ ይደፈናል። የተደፈነ ነገር ምንም አያሳልፍም። እንግዲህ አማርኛውን ያነበበ ሰው የተከለከለው ወንዙን ከዳር እዳር መድፈን እንጂ በውኃው መጠቀም አይደለም ይላል። ኢትዮጵያውያን የሕግ ሊቃውንትም ለረጅም ዘመን የተከራከሩት በዚሁ ነው። ከግርጌው ተፋሰስ የቆሙ ወገኖች በበኩላቸው ቃሉን አስፍተው፣ ፍሰቱን የሚነካ ማናቸውም ሥራ አስቀድሞ ስምምነት ይሻል ብለው አንብበውታል።

ክርክሩ የመጻሕፍት ቤት ክርክር ሆኖ አልቀረም። በ2011 እ.ኤ.አ. ሥራው የተጀመረውና በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል፤ ውኃው ግን በተርባይኖቹ በኩል አልፎ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ግድቡ «አክሮስ» መሆኑን የሚክድ የለም። «አሬስት» ያደርጋል ወይስ አያደርግም የሚለው ላይ ግን በ1902 የተጻፈው ግሥ ዛሬም ይመሰከርበታል። ከዚህ ጋር የገዳሪፍ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በአካባቢው የሚያልፉት አትባራና ሰቲት፣ ማለትም የተከዜ ውኃ፣ በዚያ አንቀጽ ውስጥ በስም አልተጠሩም። ውል የሚናገረውን ያህል በዝምታውም ይናገራል።

ለድንበሩ ነዋሪ ይበልጥ የሚቀርበው ግን አንቀጽ 2 ነው። አንቀጽ 1 የወሰኑን መስመር ከኾር ኡም ሐጀር ወደ ገላባት፣ ከዚያም ወደ ጥቁር ዓባይ፣ ወደ ባሮ፣ ወደ ፒቦርና ወደ አኮቦ ይመራዋል፤ ውሉ መስመሩ በካርታ ላይ በቀይ ቀለም እንደተሰመረም ይገልጻል። አንቀጽ 2 ደግሞ ወሰኑ ሁለቱ ወገኖች በሚሰይሙት የጋራ ኮሚሽን እንዲከለልና «ኦን ዘ ግራውንድ»፣ ማለት በመሬቱ ላይ፣ ምልክት እንዲደረግበት ያዛል። «ኦን» ከካርታ ጋርም ከመሬት ጋርም ይቆማል፤ አማርኛም ሁለቱን «ላይ» በሚል አንድ ቃል ይገልጻቸዋል። ሆኖም በካርታ ላይ መስመር ለማስመር ብዕር ይበቃል። በመሬት ላይ ለማስመር ግን እርሻ፣ ዛፍ፣ የከብት መንገድና ሰው አለ።

በ1903 መስመሩን በመሬት ላይ ያመለከተው እንግሊዛዊው የመሐንዲስ መኮንን ቻርለስ ጉዊን ነበር። የኢትዮጵያ ተወካይ አብሮት አልነበረም። ውሉ «የጋራ» ያለው ሥራ በአንድ ወገን እጅ ተፈጸመ። ሁለቱ መንግሥታት በ1972 ደብዳቤ ተለዋውጠው ስለዚህ መስመር ቢስማሙም፣ በአትባራና በሰቲት አካባቢ ያለው የአል ፋሻጋ ለም መሬት ጉዳይ ሳይቋጭ ቆየ። ሰሊጥና ማሽላ የሚያበቅሉ ገበሬዎች ከሁለቱም ወገን ለዓመታት አርሰውበታል። በ2020 መጨረሻ የሱዳን ሠራዊት ወደ አካባቢው ሲገባ፣ ነገሩ ከደብዳቤ ወደ ጥይት ተሸጋገረ፤ የዘራው ሳያጭድ፣ ያጨደው ሳይወቃ የተፈናቀለ ሰው ነበር።

ይህን ሁሉ ያመጡት ግሥና መስተዋድድ ብቻ ናቸው ማለት አይቻልም። መሬት ለም ባይሆን፣ ውኃ ብርቅ ባይሆን፣ መንግሥታትም ባይፈላለጉ ኖሮ ቃላቱ በወረቀት ላይ ተኝተው በቀሩ ነበር። ነገር ግን ጠብ ሲመጣ እያንዳንዱ ወገን አስቀድሞ የሚገልጠው ያንኑ ወረቀት ነው፤ በወረቀቱም ላይ ጣቱን የሚያሳርፈው በአንዲት ትንሽ ቃል ላይ ነው።

በድንበሩ አካባቢ ለሥራም ሆነ ለስደት ጉዳይ እንግሊዝኛ የሚማር ወጣት ብዙ ነው። ነገ ከእነዚህ አንዱ የመሬት ኪራይ ውል፣ የስደተኛ ቃል ወይም የሐኪም ማዘዣ ሊተረጉም ይቀመጣል። ያን ጊዜ ግሡን ብቻውን በመዝገበ ቃላት ፈልጎ ከመጻፉ በፊት፣ ከፊቱና ከኋላው የቆመውን ይመልከት። አበው ሰውን ከባልንጀራው ዕወቀው እንደሚሉት፣ ግሥም የሚታወቀው ከባልንጀራው ነውና።