የበርበሬ በረንዳ ዛላና የሥሩ ጠባቂዎች

ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ተነሥቶ ወደ መርካቶ የሚዘልቅ መንገደኛ፣ በርበሬ በረንዳ መድረሱን ዐይኑ ሳያይ አፍንጫው ያስታውቀዋል፤ እንግዳው ሲያስነጥስና ሲያስል፣ ውሎአቸውን እዚያው ያደረጉት ሴቶች ግን ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ ሸብ አድርገው ዛላውን ይቀነጥሳሉ፤ ዐዋቂ ገዢም ከጆንያው አፍ አንዱን ዛላ አንሥታ፣ ፍሬው ሲንኮሻኮሽ ለመስማት ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቅነቅ ካደረገች በኋላ፣ «የማረቆ ነው ወይስ የአላባ?» ብላ ሳትጠይቅ ዋጋ አትቆርጥም። ቆዳው የነጣውን፣ አጥሮ የተጨማደደውን እየለየች ወደ ጎን ስትጥል፣ ነጋዴው የዝናቡን ነገር ያነሣል፤ እርሷ ደግሞ የነጋዴውን ስስት ታነሣለች።

ገበያው ራሱ በዕድሜ ከከተማይቱ ያነሰ ነው። የቀድሞው የአዲስ አበባ ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ደብር አጠገብ ይቆም እንደ ነበረ፣ በ1928 ዓ.ም. የገባው የኢጣልያ ጦር ግን ነጩን ከጥቁሩ ለመለየት ባወጣው ዕቅድ የሀገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ እንዳዛወረው፣ በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣም «መርካቶ» የሚለውን ስም ትቶልን እንደ ሄደ የታወቀ ነው። በርበሬም ቢሆን እንደ ስሙ እንደ መርካቶ መጤ ነው፤ ዘሩ የአሜሪካ ምድር ተወላጅ ስለ ሆነ፣ ኮሎምቦስ በ1492 እ.ኤ.አ. ባሕር ከመሻገሩ አስቀድሞ የነበሩት አባቶቻችን ወጣቸውን የሚያጣፍጡት በጥምዝ፣ በዝንጅብልና በቁንዶ በርበሬ እንጂ በዚህ በቀዩ አልነበረም። ዛሬ እንግድነቱ ተረስቶ፣ ጾሙም ፍስኩም ያለ እርሱ የማይሆን ሆነ።

ይሁን እንጂ ወደ በረንዳው የሚደርሰው ዛላ ማነሱና መክፋቱ ሁልጊዜ የዝናብም የነጋዴም በደል አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ማሳዎች ቅጠሉን በቢጫና በአረንጓዴ የሚያዥጐረጕር፣ ተክሉን የሚያቀጭጭ፣ ዛላውንም የሚያጨማድድ ደዌ አለ፤ ሊቃውንት መርምረው መንሥኤው ቫይረስ መሆኑን ገልጠዋል፤ አንደኛውም ቫይረስ በዕፀዋት ሕክምና መዝገብ ውስጥ የኢትዮጵያን ስም ተሸክሞ ተጽፏል፤ ይህም ባይደረግልን የምንመርጠው ክብር ነው። ደዌውን ከተክል ወደ ተክል የሚያሻግረው ክሽክሽ የተባለው ደቃቅ ነፍሳት ሲሆን፣ ከታመመው ቅጠል ጥቂት ቅጽበት መጥጦ በጤነኛው ላይ ሲያርፍ ሥራው ተፈጽሟልና፣ ገበሬው የሚረጨው መድኃኒት ክሽክሹን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ካሻገረ በኋላ ነው፤ አንድ ጊዜ የገባውን ቫይረስ ከተክሉ የሚያወጣ መድኃኒት ደግሞ የለም።

የቫይረሱም፣ በሥር የሚኖሩት የተክል ወዳጆች ባክቴሪያዎችም የመታወቃቸው ጥንት በሆላንዳዊው ሊቅ በማርቲኑስ ቤየሪንክ ሕይወት ውስጥ በሚያስገርም አኳኋን ተጋጥሞ ይገኛል። ይህ ሰው፣ አዲስ አበባ ከተቈረቈረች ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላት፣ በ1888 እ.ኤ.አ. በባቄላና በመሰሎቹ ሥር እብጠት ውስጥ የሚኖሩትን፣ ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ተክሉን የሚመግቡትን ባክቴሪያዎች ለይቶ አሳደገ፤ በ1898 እ.ኤ.አ. ደግሞ ያው እጅ የትምባሆን ቅጠል የሚያዥጐረጕረው ደዌ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጥለያ ሾልኮ የሚያልፍ ሌላ ነገር መሆኑን አስረድቶ ቫይረስ ብሎ ጠራው። ወዳጁንም ጠላቱንም ያየው አንዱ ሰው ሲሆን፣ የሥርን ወዳጆች ከቫይረስ ጋር ለማፋለም ግን አንድ መቶ ዓመት ያህል ፈጀ።

በ1996 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ራውፓክ፣ ክሎፐርና ባልደረቦቻቸው በአላባማ፣ በኦበርን ዩኒቨርሲቲ፣ ከሥር ዙሪያ የተገኙ ደጋግ ባክቴሪያዎችን ለኪያርና ለቲማቲም ሰጥተው፣ ከዚያ በኋላ የኪያርን የሞዛይክ ቫይረስ በቅጠሉ ላይ ቢያሳርፉ፣ የደዌው ምልክት ባክቴሪያ ካልተሰጠው ተክል ይልቅ ቀንሶ አገኙት። ባክቴሪያው በሥሩ ዙሪያ ነበር፤ ቫይረሱም የገባው በቅጠሉ በኩል ነው፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ሳይፋለሙ ደዌው የቀለለው፣ የሥሩ እንግዳ እንደ ክተት ነጋሪት መላ አካሉን አስቀድሞ ስላነቃውና፣ ቅጠሉ ጠላቱን ተሰናድቶ ስለ ጠበቀው ነው። ዘዴው ጉዳቱን ያቀልላል እንጂ ደዌውን ጨርሶ አያስቀርም፤ ክሽክሹን መጠበቅ፣ የታመመውን ተክል ነቅሎ ማራቅና ደዌ የሚችል ዝርያ መምረጥም አይቀሬ ናቸው።

በሀገራችን ሕያው ባክቴሪያ ለገበሬ መሸጥ እንግዳ ነገር አይደለም፤ መናገሻ ባዮቴክ የተባለው ድርጅት ለባቄላ፣ ለሽምብራና ለአኩሪ አተር የሚሆኑትን እያዘጋጀ ያቀርባል። እነዚህ ግን የቤየሪንክ የ1888ቱ ወገኖች፣ ማለት መጋቢዎቹ እንጂ፣ በቫይረስ ላይ የሚያነቁት አይደሉም። ገበሬው ዘሩን በስኳር ውሃ አርሶ ከባክቴሪያው ጋር በጥላ ሥር ያሻል፣ ሳይውል ሳያድርም ይዘራዋል፤ ባክቴሪያው ፀሐይ ካገኘው ይሞታልና። በቫይረስ ላይ የሚያነቃው ባክቴሪያ ለበርበሬ ቢሰጥ ግን ቦታው የችግኙ መደብ ነው፤ ተክሉ ወደ ማሳ ከመዛወሩና ክሽክሹ ከመድረሱ በፊት ሥሩ ወዳጁን ይይዛል።

ሕያው ባክቴሪያን ለመሸጥ የሚያስቸግረው የመርካቶ ሱቅ ነው። በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ የእኩለ ቀን ሙቀት በሚበረታበት መደርደሪያ ላይ፣ ነጋዴው የፀረ ተባይ ጠርሙስ ዓመት ቢያቆየው መልኩ አይለወጥበትም፤ የባክቴሪያው ከረጢት ግን ሕያው ስለ ሆነ ቀዝቃዛ ቦታ ይሻል፣ ጊዜው ካለፈም ከተራ አፈር አይለይም፤ ገዢዋም እንደ ዛላው ነቅንቃ ልትፈትነው አትችልም።