ሂፒዎቹን ያሻገረው ቀርፋፋ አውሮፕላን

እናንተዬ፣ ቦርሳ በጀርባው አዝሎ ፒያሳ ላይ የሚንከራተት የፈረንጅ ወጣት ስናይ፣ “ይሄ ልጅ በዚህ ዕድሜው ዓለምን የሚዞረው በምን ገንዘቡ ነው?” ማለታችን አይቀርም። “ፈረንጅ ስለሆነ” ብሎ መገላገል ይቻላል። ግን የዚህ ልጅ አያቶችም በወጣትነታቸው አውሮፕላን መሳፈር ቅንጦት ነበር። ታዲያ ማን አሻገራቸው? (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ።)

በ1945 ሃቫና ላይ አያታ የሚባለው የአየር መንገዶች ማኅበር ተቋቋመ። አባላቱ ይሰበሰባሉ፣ የትኬት ዋጋ ይወስናሉ፣ መንግሥታትም ያጸድቁላቸዋል። በፓን አም ሄድክ በኤር ፍራንስ፣ ዋጋው ያው ነው። ዋጋ መስበር ክልክል! ቁጥጥሩማ እስከ ሳንድዊች ይደርስ ነበር። በ1958 በአትላንቲክ በረራዎች ላይ የኢኮኖሚ ክፍል ሲጀመር ለዚያ ተሳፋሪ ሳንድዊች ብቻ ይቅረብ ተባለ። የስካንዲኔቪያው ሳስ ታዲያ ቁራሽ ዳቦ ላይ ሥጋውን፣ ዓሣውንና አይቡን ከምሮ ማቅረብ ጀመረ። ፓን አም ይሄማ ሙሉ ምግብ ነው ሲል ለአያታ አቤት አለ። እየቀለድኩ አይደለም፤ ነገሩ በታሪክ የሚታወቀው “የሳንድዊች ጦርነት” ተብሎ ነው።

እንግዲህ ሳንድዊች እንኳ በስብሰባ በሚወሰንበት ዓለም ተማሪ በምን አቅሙ አውሮፓ ይሂድ?

መልሱ ከአይስላንድ መጣ። ሎፍትሌይዲር የሚባለውን አየር መንገድ በ1944 ያቋቋሙት ካናዳ ሠልጥነው የተመለሱ ሦስት ወጣት አብራሪዎች ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱ ሕዝብ በሙሉ 150 ሺህ ገደማ ነበር። ሁሉም ተነሥቶ ቢሳፈር እንኳ ለስንት ጊዜ ይበቃል? ስለዚህ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ የሚያልፈውን መንገደኛ መያዝ ነበረባቸው። የኛ ቦሌ ዛሬ በትራንዚት መንገደኛ የሚሠራውን ሥራ እነሱ ያኔ ጀመሩት ማለት ነው። ሎፍትሌይዲር የአያታ አባል አልነበረም፤ የማኅበሩ ዋጋ አያስረውም። ከአሜሪካ ጋርም አገሪቱ በ1945 የፈረመችው የበረራ ስምምነት ነበራት። (ዋሽንግተን የፓን አምን እሮሮ እየሰማች ዝም ያለችው፣ በእኔ ግምት፣ ኬፍላቪክ ላይ ያላትን የጦር ሰፈር አስባ ነው።)

የቀረው አውሮፓ ላይ የት ይረፍ የሚለው ነበር። ትልልቆቹ አገሮች የራሳቸውን አየር መንገድ የሚጠብቁ ናቸው። ትንሿ ሉክሰምበርግ ግን ውቅያኖስ የሚሻገር የራሷ አየር መንገድ ስላልነበራት የምትጠብቀው ነገር የለም። በ1955 በሯን ከፈተች። ኒውዮርክ፣ አይስላንድ፣ ሉክሰምበርግ! ሌሎቹ በ1958 ወደ ጄት ሲገቡ ሎፍትሌይዲር እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ በፕሮፔለር ቀጠለ። ማስታወቂያውም መቀርፈፉን አልደበቀም፤ ፍጥነታችን ዝቅ፣ ዋጋችንም ዝቅ ነው የሚል ነበር። በ1966 ገደማ አውሮፕላኖቹን አስረዝሞ 189 ሰው ያጭቅባቸው ጀመር። ሌሊቱን ሙሉ የሞተር ጩኸት፣ መሐል ላይ የአይስላንድ ብርድ… ግን ተሳፋሪው ተማሪ፣ ሙዚቀኛ፣ ጸጉሩን ያስረዘመ ሁሉ ነው። “የሂፒዎች አየር መንገድ” የሚል ስም ወጣለት።

ሉክሰምበርግ የወረደው ወጣት እዚያ አይቀመጥም። አንዱ በባቡር አምስተርዳም፣ ሌላው በኢስታንቡል አድርጎ ቴህራን፣ ካቡል፣ ካትማንዱ። ያ የየብስ መንገድ የተዘጋው በ1979 ነው፤ ኢራን አብዮት ፈነዳ፣ ሶቭየቶች አፍጋኒስታን ገቡ። ሎፍትሌይዲርም ቢሆን በ1973 ከአገሩ ተፎካካሪ ጋር ተዋሕዶ ነበር። በ1977 እንግሊዛዊው ፍሬዲ ሌከር ለንደን–ኒውዮርክን በ59 ፓውንድ ሸጠ (እሱም በ1982 ከሰረ)፣ በ1978 ደግሞ አሜሪካ የአየር መንገድ ገበያዋን ነጻ የሚያደርግ ሕግ አወጣች። ርካሽ ትኬት ብርቅ መሆኑ እየቀረ ሄደ።

ለእኛስ? ያ ሉክሰምበርግ የወረደ አሜሪካዊ የያዘው ፓስፖርትና ቦርሳ ብቻ ነበር፤ ቪዛ የጠየቀው የለም። አሁን ካርታውን አንሡና እዚያችው ሉክሰምበርግ ውስጥ፣ ሞዜል ወንዝ ዳር፣ አንዲት የወይን መንደር ፈልጉ። ስሟ ሼንገን ነው። በ1985 አምስት አገሮች እዚያ የፈረሙት ስምምነት ነው ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የባንክ ስቴትመንት፣ የሥራ ደብዳቤና የሆቴል ቡኪንግ የሚያሰበስበን። በ2024 የማመልከቻው ክፍያ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ አለ፤ ቢከለከሉም አይመለስም። በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት፣ መንግሥታችን ከአውሮፓ የሚባረሩ ዜጎችን በመቀበል አልተባበረም በሚል፣ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚታይበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲራዘም ወሰነ።