ካምፐርቫን በበረሃ ምድር፦ ምርጫው፣ አሠራሩና ባለቤትነቱ

ካምፐርቫን አልጋ፣ ማብሰያና የውኃ ማጠራቀሚያ የተገጠመለት፣ ለጉዞም ለማደሪያም የሚያገለግል ተሽከርካሪ ነው። በሌላ መኪና ከሚጎተተው ካራቫን የሚለየው በገዛ ሞተሩ በመንቀሳቀሱ ነው። ቮልስዋገን በ1950 ማምረት ለጀመረው ቫን፣ ቬስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ድርጅት በቀጣዩ ዓመት ተነቃይ የመኝታ ዕቃ አዘጋጀለት፤ የዛሬዎቹ ካምፐርቫኖች በአብዛኛው የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ለዚህ ሥራ ከሚመረጡት አንዱ ከ1967 ጀምሮ የሚመረተው ቶዮታ ሃይስ ነው። አንባቢዎቻችን በሀገር ቤት ጎዳናዎች «አባዱላ» ወይም «ዶልፊን» ሲባል የሚያውቁት መኪና ማለት ነው።

በዚህ ርዕስ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የመነጨ በመሆኑ ብርድን ስለመከላከል ያተኩራል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ግን የበጋው ጠላት ፀሐይ ነው። በክረምቱ ወራት ደግሞ፣ ብዙዎች ወደ በረሃና ወደ ተራራ በሚወጡበት ጊዜ፣ አደገኛው ነገር በተዘጋ በር ውስጥ ያለው አየር ነው።

ገዢው ከሞተሩ አስቀድሞ ሙልኪያውን ይመልከት። በዕቃ መጫኛነት የተመዘገበ ቫንና በመንገደኛ ማመላለሻነት የተመዘገበ ሚኒባስ ከውጭ ቢመሳሰሉም፣ ሚኒባሱን ለመንዳት የቀላል አውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ሃይስ ቁመቱ 2.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ የምድር ቤት መኪና ማቆሚያዎች አያስገቡትም፤ ይህን ዘንግቶ የገዛ ሰው በመጀመሪያው ምሽት የሚያድርበት ቦታ ያጣል። በቀድሞው ቅርጽ ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሚገኝ ከረዥም ጉዞ በኋላ ሙቀቱ ወደ መኝታው ይዘልቃል። በ2019 በወጣው አዲስ ቅርጽ ሞተሩ ወደ ፊት ተገፍቷል። ጎማም ይመርመር፦ በጎኑ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ። 2321 ማለት የ2021 ዓመት 23ኛው ሳምንት ነው። ከ5 ዓመት ያለፈ ጎማ በዚህች ሀገር ለመንገድ አይፈቀድም።

ቅያሬው ከመጀመሩ በፊት የትራፊክ ባለሥልጣኑን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው። ወንበር ማንሳት፣ ጣሪያ መቁረጥ ወይም የጋዝ መስመር መዘርጋት የተሽከርካሪውን መዝገብ ይነካል። ያለ ፈቃድ የተሠራ ነገር በዓመታዊ ምርመራ ጊዜ እንዲፈርስ ሊታዘዝ ይችላል፤ የተለፋበት የእንጨት ሥራና የወጣው ገንዘብም አብረው ይፈርሳሉ።

ሙቀት መከላከል ከጣሪያው ይጀምራል፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት እሱ ነውና። ውኃ የማይመጥ ስፖንጅ መሰል ፎም ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ ሲለበጥ እርጥበትና ዝገትን ይቀንሳል። የሚያብለጨልጨው ሽፋን የሚሠራው ከፊቱ ትንሽ የአየር ክፍተት ሲተውለት ነው፤ በሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች መካከል ከተጨፈለቀ ጥቅሙን ያጣል። መስኮትን ከውስጥ ከመጋረድ ከውጭ መሸፈን ይሻላል፤ ሙቀቱ መስታወቱን ካለፈ በኋላ መጋረጃ አይመልሰውም።

የኤሌክትሪክ ነገር በስሌት እንጂ በግምት አይሠራም። 45 ዋት የሚወስድ ትንሽ ፍሪጅ በቀን ለ12 ሰዓት ቢሠራ 540 ዋት ሰዓት፣ 25 ዋት የሚወስድ ማራገቢያ ለ10 ሰዓት 250፣ መብራትና የስልክ ቻርጅ 90 ያህል ይጨምራሉ፤ ድምሩ 880 ነው። የ100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ 1,280 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚይዝ ለአንድ ቀን ይበቃል። ተመሳሳይ መጠን ያለው የእርሳስ ባትሪ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ ባይወሰድ ይመረጣል፤ ያም 600 ገደማ ነው። አየር ማቀዝቀዣ ሲጨመር ስሌቱ በሙሉ ይናጋል፦ 1,000 ዋት የሚወስድ ኤሲ በ8 ሰዓት ሌሊት 8,000 ዋት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ከግንቦት እስከ መስከረም ካምፐርቫን ውስጥ ለማደር ያሰበ ሰው የኤሌክትሪክ መስመር ያለበት የካምፕ ቦታ ይፈልግ፤ ያለዚያ ቫኑን አቁሞ ኅዳርን ይጠብቅ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ለአንባቢዎቻችን ልንናገር የምንሻው ስለ ከሰል ነው። ቡና ያለ ከሰልና ያለ ጀበና ቡና የማይመስለን ብዙዎች ነን። በተራራ ላይ በሚነፍሰው የታኅሣሥ ነፋስ ማንደጃውን ወደ ውስጥ ማስገባትና በሩን ገርበብ ማድረግ ምንም የማይጎዳ ይመስላል። ከሰሉ ከቀላና ጭሱ ካለቀ አደጋው አብቅቷል የሚለው እምነት ግን ስሕተት ነው። ጭስ ቢያንስ ዓይንን ይለበልባል፣ ሰውንም ያባንናል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ቀጥሎ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ከባድ ድካም ይመጣል። የተኛ ሰው እነዚህን ምልክቶች ሳያውቃቸው ያልፋል። ቫኑ በጥንቃቄ ተለብጦ ክፍተቱ በተደፈነ መጠን ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ ያንሳል፤ መልካም ሥራ አደጋውን ያከብደዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ማንደጃው ከቫኑ ውጭ ይጣድ፤ ፍሙም ከውጭ በውኃ ይጥፋ። ትኩስ ፍም ወይም ያልጠፋ አመድ ወደ ውስጥ ተመልሶ አይግባ። ለኤሲ ሲባል ሞተሩን አስነስቶ መተኛትም ያው አደጋ አለው፤ በተለይ የጭስ ማውጫው በአሸዋ ከተሸፈነ። በመኝታው አቅራቢያ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ይተከል። የማብሰያ ጋዝ በበኩሉ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወደ ወለል ይወርዳል፤ የእሱ ደወል ከታች መሆን አለበት፤ የሲሊንደሩ ሣጥንም ወለሉ ላይ ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ ይኑረው። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ራሱን ካመመው ወይም ቃላት ከተሳሰሩበት ሁሉም ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ፤ ለአምቡላንስም 998 ይደወል።

ስለ ማደሪያ ቦታ፣ በሕዝብ የባሕር ዳርቻ ማደር በብዙ ስፍራ የተከለከለ ወይም ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። በደረቅ ወንዝ ወለል ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይታደርም፤ ዝናቡ በሩቅ ተራራ ላይ ዘንቦ ጎርፉ ግን ደመና በሌለበት ሊደርስ ይችላል። በጎርፍ ጊዜ ወደ ሸለቆ የገባ አሽከርካሪ 2,000 ዲርሃም፣ 23 ጥቁር ነጥብና የ60 ቀን የተሽከርካሪ እገዳ ይጠብቀዋል።

ጓደኛሞች በእቁብ ተጋርተው ቫን የመግዛት ሐሳብ ካላቸው፣ ሙልኪያው በአንድ ሰው ስም የሚወጣ መሆኑን አይዘንጉ። ቅጣቱም፣ የአደጋው ኃላፊነትም በቅድሚያ ወደዚያ ሰው ይመጣል፤ ውሉ በጽሑፍ ቢሆን ለሁሉም ይበጃል። ወጪን ለመሸፈን ሲባል ሰው አስከፍሎ ማሳፈር ያለ ፈቃድ ትራንስፖርት መስጠት ተብሎ ያስቀጣል። ለኢንሹራንስ ድርጅቱም የተደረገው ለውጥ ይነገረው፤ ያልተነገረው ለውጥ ካሣ ለመከልከል ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሥራ ጨርሶ ሲመለስ ቫኑን ወደ ሀገር ቤት ለማስገባት ያሰበ ሰው ከመግዛቱ በፊት የጉምሩክን ደንብ ያጣራ። ኢትዮጵያ በጎርጎርዮሳዊው 2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከልክላለች።