የድሬ እንግዳ የቱ ነው?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

እንደምታውቁት የማስተምረው ሃይስኩል ነው። ባለፈው ሳምንት ግን የልጄ አስተማሪ "መምህር፣ ለሁለተኛ ክፍል ልጆች ቤት ከምን ከምን እንደሚሠራ እያስተማርን ነው፤ አንድ ቀን መጥተው ቢያወሩልን?" አለችኝ። እሺ አልኩ። ልጆቹም ከየግቢያቸው የወዳደቀ የግድግዳ ስባሪ ይዘው እንዲመጡ ነገርናቸው። ቆርቆሮ እጅ ስለሚቆርጥ እሱን እኔ ያዝኩ።

የብሎኬት ስባሪ መጣ፣ ድንጋይ መጣ፣ ኖራ የተቀባ ልስን መጣ። አንዱ ልጅ ግን እጁን ጨብጦ አልከፍትም አለ። አጠገቡ የተቀመጠው "የእነሱ ቤት ጭቃ ነው!" ብሎ ሳቀ። ክፍሉ በሙሉ ተከትሎት ሳቀ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ሳቅ እኔንም አገኘኝ። ያደግኩት ጭቃ ቤት ነው። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጓደኞቼን አንድ የብሎኬት ግቢ በር ላይ "ቻው" እላቸውና፣ እስኪርቁ ጠብቄ ወደ ቤቴ እሮጥ ነበር። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ስለዚህ ያዘጋጀሁትን ትቼ ጠየቅኳቸው። "ከነዚህ ሁሉ ድሬ ውስጥ እንግዳው የቱ ነው?" ሁሉም ወደ ተጨበጠው እጅ ጠቆሙ።

እንግዳውስ ሌላ ነው። ቆርቆሮውን አነሳሁ። ይሄ በመርከብ ጅቡቲ የወረደ፣ ከዚያ በባቡር የመጣ ዕቃ ነው። ባቡሩ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም ነው። ሐሳቡ ሐረር ሊገባ ነበር፤ ተራራው አስቸገረና ሐዲዱ እኛ ሜዳ ላይ ቀረ። ከተማችን የተወለደችው እንዲህ ነው። ፈረንሳዮቹ ከዚራን ቀጥ ባለ መንገድ ቀየሱ፤ ከደቻቱ ማዶ መጋላ አደገ። አዲስ አበባ እንኳን ባቡር ያየችው በ1909 ዓ.ም ነው።

ቀጥሎ ብሎኬቱ። ሲሚንቶ የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር አንድ ላይ በ1,450 ዲግሪ ገደማ ተቃጥሎ የሚፈጭ ዱቄት ነው። ፋብሪካውን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን እዚሁ ድሬ ተከሉት። ለምን እዚህ? ድንጋዩም ሐዲዱም እዚህ ስላለ። ስለዚህ ሲሚንቶ በአሠራሩ እንግዳ፣ በድንጋዩ ግን የአገር ልጅ ነው።

ድንጋዩማ አያታችን ነው። ከከተማው በስተደቡብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ራሱ የኖራ ድንጋይ ነው። በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ሰዎች ተጠልለውበታል። የድሬ የመጀመሪያው ቤት ማንም አልገነባውም ማለት ነው።

ጭቃውስ? ባቡር ሳይመጣ፣ ፋብሪካ ሳይተከል የነበረ ነው። እንጨት ይቆማል፣ ማገር ይታሰራል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር በእግር ተረግጦ፣ ከርሞ ይመረጋል። ጭዱ የሚገባው ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ነው። ጎረቤታችን ሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት ነባር ቤቶች ድንጋዩን ከድንጋይ ያያዙት በጭቃ ነው፤ ያንን ከተማ ነው ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ "የሶማሌ ቤት ግን ግመል ይጭነዋል" አለች። ልክ ናት። አቃል የሚባለው ቤት ከጎበጡ እንጨቶችና ከሰሌን ይሠራል፤ የሚሠሩትም የሚያፈርሱትም ሴቶቹ ናቸው። መንገደኛ ሰው የሚጫን ቤት ነው የሚያስፈልገው።

ከዚያ ወደ ፀሐይ ወጣን። የድሬን ፀሐይ ታውቁታላችሁ አቦ! ልጁ አሁን እጁን ከፍቶ ጭቃውን ከቆርቆሮው አጠገብ አስቀመጠ። ትንሽ ቆይተን የሁለቱንም ሥር በእጅ ነካን። ቆርቆሮው ይፋጃል፣ ጭቃው ገና ቀዝቃዛ ነው። ያ የሳቀው ልጅ ሁለት ጊዜ ነካው።

ግን ልጅ አይዋሽም። ከጭቃው ጥግ ቆርሰን ውሃ አፈሰስንበት፣ ሟሟ። ጠላቱ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ክዳንና ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ይፈልጋል። የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍም በልካቸው ነገርኳቸው። ያኔ ተማሪ ነበርኩ። በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው አጥተናል። ቤት የተሠራበት ዕቃ ብቻ ሳይሆን የቆመበትም ቦታ ይጠየቃል። ደረቅ አሸዋ የሚመስለው ወንዝ የወንዝነቱን ቦታ አይረሳም።

ልወጣ ስል ልጁ መጣ። "ቲቸር፣ የእኛን ቤት አባቴ ነው የመረገው" አለኝ። "እኔንም አባቴ ነው" አልኩት። ቃሉ ተሳክቶብኝ ነው፤ "የእኛንም" ለማለት ነበር። እሱ ግን ገባው መሰለኝ፣ ሳቀ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ግድግዳችሁን አስነኳቸው። ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ ከየት እንደመጣ ንገሯቸው። እናንተም የመጀመሪያ ቤታችሁ ከምን እንደነበር ከታች ጻፉልኝ። የእኔ ጭቃ ነበር።

መልካም ቅዳሜ!