ፕላስ ወይስ ማይነስ? የሰርግ ዲስኮቻችን አጭር ታሪክ

እስቲ ቁም ሳጥኑን ክፈቱ። ከፎቶ አልበሙ ስር፣ በማርከር "ሰርግ፣ ክፍል 1" ተብሎ የተጻፈበት ዲቪዲ የሌለበት ቤት ስንት ነው? የዚያች ዲስክ ዕጣ ግን የተወሰነው ገና ባዶዋን ስትገዛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ፓዮኒር "ዲቪዲ ማይነስ አር"ን ይዞ መጣ። ፊሊፕስና ሶኒ ያሉበት ሌላ ቡድን ደግሞ በ2002 "ዲቪዲ ፕላስ አር"ን አወጣ። ሁለቱም 4.7 ጊጋባይት ይይዛሉ (ላፕቶፑ በ1,024 እያካፈለ 4.38 ይላል እንጂ ማንም አልሰረቃችሁም)። የሚለያዩት ጨረሩ መስመሩን እንዳይስት በሚመሩት ምልክቶች ነው። ስለዚህ አንዱን ብቻ የሚያውቅ በርነር በሌላው ላይ አይጽፍም። በዚያው በ2002 ሶኒ ሁለቱንም የሚጽፍ መሣሪያ አወጣ፤ የላፕቶፕ በርነሮችም በኋላ ተከተሉ።

ጠቡ ግን በዚህ አላበቃም። ላፕቶፑ የጻፈውን የሙሽራዋ ቤት ማጫወቻ እምቢ ሊል ይችላል! የቆዩ ማጫወቻዎች ብዙ ጊዜ ማይነሱን ይመርጣሉ፤ በመጨረሻ ያልተዘጋ (ፋይናላይዝ ያልተደረገ) ዲስክ ደግሞ ከጻፈው ማሽን ውጪ ላይከፈት ይችላል። ፍጥነቱስ? ሽፋኑ ላይ 16 እጥፍ ቢልም ብዙ የላፕቶፕ በርነሮች ከ8 እጥፍ አያልፉም። ችግር የለውም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አሁን ይህን ሁሉ ይዘን ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ወደ ሙዝ አገር፣ ወደ ምዕራብ ዓባያ እንውረድ። መብራት ድርግም ባለ ቁጥር ዴስክቶፕ ላይ የተጀመረ ዲስክ ለቆሻሻ ይዳረጋል። ላፕቶፕ ግን ባትሪ አለውና ይጨርሰዋል። እዚህ ላይ ላፕቶፕ ያሸንፋል።

ዲስኩን የሚያሸንፈው ቆላው ነው። ብርብር ከተማ ከአዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ፋብሪካ ያተመው የፊልም ዲቪዲ መረጃው በፕላስቲኩ ላይ በጥቃቅን ጉድጓዶች የተቀረጸ ነው። እኛ በርን ያደረግነው ግን የተጻፈው በፕላስቲኩ መሐል ባለ ስስ ቀለም ላይ ነው። ያንን ቀለም ሙቀት፣ እርጥበትና ፀሐይ ቀስ በቀስ ይበሉታል። በመስኮት በኩል የተቀመጠች ዲስክ ሳትጫር፣ ሳትሰበር ዝም ብላ ትሞታለች።

እንግዲህ ወገኖች፣ ያኔ ጥያቄው "የትኛውን ባዶ ዲስክ ልግዛ?" ነበር። ዛሬ ደግሞ አብዛኞቹ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስክ የሚገባበት ቦታ እንኳ የላቸውም። በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ ማንበቢያ ካለው ሰው ተዋሱ። ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ ጥረጉ፤ እያዞራችሁ አትጥረጉ። ከዚያ በኮምፒውተርና በሌላ ሃርድ ዲስክ፣ በሁለት ቦታ ገልብጡ። በዚያ ሰርግ ላይ የጨፈሩት አያቶቻችን ሁሉ ዛሬ የሉም፤ ድምፃቸው ያለው ግን እዚያች ዲስክ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል።