በደቂቃ 18 ሜትር

በ1970ዎቹ የታተመ የጠላቂ ዋናተኞች መመሪያ የሚተረጉም ሰው አንድ ቁጥር ላይ ሲደርስ ብዕሩ መቆሙ አይቀርም። ጠላቂው ወደ ላይ ሲወጣ በደቂቃ ከ18 ሜትር እንዳይፈጥን ታዟል። ተርጓሚ ለጽሑፉ ታማኝ መሆን ይገባዋል፤ ነገር ግን ኩስቶ በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሱዳን ጠረፍ በሻዕብ ሩሚ የተከለውን የባሕር ሥር ቤት ቅሪት ለማየት ይህን ቁጥር አምኖ የሚጠልቀው አንባቢው ነው። ለመሆኑ ቁጥሩ ከየት መጣ?

ፈረንሳዊው ፖል ቤር በ1878 ባሳተመው ሥራው፣ በከፍተኛ ግፊት ሥር በደምና በሥጋ ውስጥ የሚሟሟው ናይትሮጂን ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ አረፋ እንደሚሆን አሳይቶ ነበር። ከመገጣጠሚያ ሕመም እስከ ሽባነት የሚያደርሰው ይኸው አረፋ ነው። ከእርሱ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ጆን ስኮት ሃልዴን ከባልደረቦቹ ጋር በፍየሎች ላይ ሞከረ፤ የታመመው ፍየል የፊት እግሩን አንሥቶ ይቆም ነበርና ምልክቱ ያ ነበር። በ1908 የወጡት ሠንጠረዦቻቸው ጠላቂው በእርከን እያረፈ እንዲወጣ አዘዙ።

18 ሜትር ግን ከፍየሎቹ የተገኘ አይደለም። በ1950ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሠንጠረዦቹን ሲያድስ ሁለት ወገኖች ተከራከሩ፤ ነገሩን የተረከው በሥራው የነበረው ሐኪም ኤድዋርድ ላንፊየር ነው። የመዳብ ቁር ደፍተው በከባድ ልብስ የሚጠልቁት ቀስ ብለው እንጂ በፍጥነት መውጣት አይሆንልንም አሉ። በእግራቸው የጎማ መቅዘፊያ አጥልቀው በነፃ የሚዋኙት ደግሞ በደቂቃ 100 ጫማና ከዚያም በላይ ፈለጉ። በመካከል በ60 ጫማ፣ ማለትም በ18 ሜትር ገደማ፣ ታረቁ፤ በሰከንድ አንድ ጫማ ስለሆነ ለመቁጠርም ይመች ነበር። እንግዲህ ለአርባ ዓመት ገደማ እንደ ሕግ የተጠቀሰው ቁጥር የሽምግልና ውጤት ነበር ማለት ነው።

በ1970ዎቹ የጠላቂዎች ደም በድምፅ ሞገድ መሣሪያ ሲደመጥ፣ ምንም ሕመም ባልተሰማቸው ሰዎች ደም ውስጥ እንኳ አረፋ ተገኘ። ያው ባሕር ኃይል በ1993 ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ 9 ሜትር አደረገው፤ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ማረፍም በመዝናኛ ጠላቂዎች ዘንድ ተለመደ። ከራስህ ትንንሽ አረፋዎች አትቅደም የሚለው የቆየ ምክር፣ ምንም ለጆሮ ቢጥም፣ ሰዓትንና የጥልቀት መለኪያን አይተካም፤ አረፋ እንደ መጠኑ ይፈጥናል፣ ይዘገያል።

ዘግይቶ የመጣ ምክርም ይሳሳታል። ዕረፍቱ ከጥልቁ ይጀመር የሚለው ሐሳብ ብዙ ደጋፊ ካገኘ በኋላ፣ ባሕር ኃይሉ በ2011 ያሳተመው ሙከራ ከጥልቅ የጀመሩት ይበልጥ እንደታመሙ አሳየ።

ትንፋሽህን ይዘህ አትውጣ የሚለው ትእዛዝ ግን ምንም አልተነካም። 10 ሜትር ላይ ሳንባን የሞላ አየር ላይኛው ውሃ ሲደርስ እጥፍ ቦታ ይፈልጋል፤ ይህንን መሥመር እንዳለ እተረጉመዋለሁ። 18ን በቦታው ትቼ፣ ከገጹ ግርጌ 9ንና 1993ን እጽፋለሁ።