ታኅሣሥ ሲመጣ ግቢው ሙሉ ነው

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ታሪክ በቀን በቀኑ የሚከታተል ሰው አንድ ወር እየደጋገመ ይገጥመዋል። በካናዳዊው ኢየሱሳዊ መነኩሴ በሉሲየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት የጀመረው በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. ነው፤ ተቋሙ ራሱ እንደሚለው 33 ተማሪዎችን ይዞ። በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ተማሪዎቹ መፈንቅለ መንግሥቱን ደግፈው አደባባይ ወጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከግርግሩ በኋላ የሹማምንቱ ደም የፈሰሰበትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ሰጡ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. በይፋ ተመረቀ። የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት የወደቀው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ማታ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ጋሊ በመጡ ጊዜ የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ ተቃውመው ተማሪዎች የወጡት፣ ዩኒቨርሲቲውም የተዘጋው፣ በታኅሣሥ 1985 ዓ.ም. ነው።

እያንዳንዱ ድርጊት የራሱ ምክንያት አለው። ሆኖም ከምክንያቶቹ በስተጀርባ ማንም ልብ የማይለው አንድ ወረቀት ተዘርግቷል፤ የዩኒቨርሲቲው አካዳሚክ ካላንደር። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሺህ ወጣቶች መቼ አንድ ግቢ እንደሚገቡ፣ መቼ እንደሚበተኑ የሚወስነው እሱ ነው። ክረምቱ አልፎ፣ መስቀል ተከብሮ፣ መንገዱ ሲደርቅ ሬጅስትሬሽን ይጀመራል። ጥቅምት ለአዲስ ገቢው ግራ መጋቢያ ነው፤ ኅዳር ላይ ክላሱ ይደላደላል። ታኅሣሥ ሲገባ ዶርሙ ሞልቷል፣ ጓደኛ ከጓደኛ ተዋውቋል፣ ፋይናል ገና አልደረሰም። መሬት ላራሹ የተባለበት የየካቲት 1957 ሰልፍም ቢሆን የወጣው በሁለተኛው ሴሚስተር ግቢው ሞልቶ ነው። የተማሪዎቻችንን እንቅስቃሴ የጻፉ ሰዎች ስለ ርዕዮተ ዓለም ብዙ ብለዋል፤ ስለ ወቅቱ ግን ያሉት ጥቂት ነው። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አየዋለሁ።

ካላንደሩን የሚያረቀው ሬጅስትራር ነው፤ የሚያጸድቀው ሴኔቱ። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ለአንድ ሴሚስተር 16 ሳምንት ያህል ቆጥሮ፣ የምዝገባና የአድ ኤንድ ድሮፕ ቀን ቆርጦ፣ የፋይናል ሳምንትና የውጤት ማስገቢያ ወስኖ፣ ምረቃውን ሐምሌ ላይ ማሳረፍ ነው። ችግሩ ቀኖቹ አለመቆማቸው ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ ይወጣል ይወርዳል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ሴሚስተር አንድ ዓመት ገና ሲጀመር ይቆርጠዋል፣ ሌላ ዓመት ወደ ማለቂያው ይጠጋል። የእስልምና በዓላት ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየመጡ ወቅቱን ሁሉ ይዞሩታል፤ ረመዳን አንዳንዴ ከፈተና ጋር ይገጥማል። ዒዶቹና መውሊድ የመንግሥት በዓል የሆኑት ከአብዮቱ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሃያ ምናምን ዓመታት ሙስሊሙ ተማሪ ብሔራዊው የበዓላት ዝርዝር በማያውቀው በዓሉ ቀን ትምህርት ይጠብቀው ነበር። ስለ እኩልነት በብዙ ወረቀት ይጻፋል፤ የዚያን ዘመን ተማሪ ግን በየዓመቱ የሚነካው ይኸኛው ወረቀት ነበር።

በ1957 የትምህርት ዘመን ዩኒቨርሲቲው ራሱ ካላንደሩን በድፍረት ሰበረው። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ፕሮግራም ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ፣ በአብዛኛው አስተማሪ ሆኖ፣ እንዲያገለግል አዘዘ። አራት ዓመት የነበረው ዲግሪ አምስት ሆነ። ያም ሆኖ ሁሉም አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ የሄደው ያውቃል፣ ቤተሰቡ ያውቃል፣ የሚመለስበት ክላስም ይጠብቀዋል። ያ ወጣት ስለ ገበሬው በመጽሐፍ ያነበበውን በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። ከአገሪቱ የዩኒቨርሲቲ ውሳኔዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የታሰበበት አላውቅም።

1967 የተለየ ነው። ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻን በይፋ አስጀመረ፤ ከዩኒቨርሲቲና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። በወረቀት ሲታይ የ1957ቱን ይመስላል፤ ያም ገጠር፣ ይህም ገጠር። ልዩነቱ መመለሻ ቀን ያለው ካላንደር አለመኖሩ ላይ ነው። ተማሪው የጀመረውን ኮርስ መቼ እንደሚቀጥል የሚነግረው አልነበረም፤ ብዙዎቹም ዘመቻውን አንወጣም ብለው ተከራክረው ነበር። መደበኛው ትምህርት ለሁለት ዓመት ያህል ተቋረጠ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፣ ዘማቹ ገበሬውን ሲያደራጅ ከአካባቢ ሹማምንት ጋር ተጋጨ፣ ካምፑን ጥሎ የጠፋም ብዙ ነው። ግቢው ዳግም ሲከፈት ከተማው የቀይ ሽብር ዋዜማ ላይ ነበር። ስሙ በሬጅስትራር መዝገብ ላይ ሳለ ሬጅስትሬሽን ላይ ያልታየው ተማሪ የት እንደደረሰ፣ ብዙ ቤተሰብ እስከ ዛሬ የሚቆጥረው በራሱ የሐዘን ቀን ነው። ያቺ የባከነች ትውልድ ስትወሳ ስለ ፓርቲዎቹ እንሰማለን። የተቋረጠውን ኮርስ፣ ያልተሰጠውን ፋይናል፣ የተጓደለውን ሐኪምና መሐንዲስ የሚያነሳ ግን አይበዛም።

በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ማኅበራችን ነጻ ይሁን ብለው ሲነሱ ሰው ሞተ፣ ትምህርት ተቋረጠ፣ ብዙ ተማሪ ዓመቱን አጣ። ሰኔ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ነው።

በቅርቡ የሆነውን ልብ ብሎ ያየ ካላንደር ሲሰበር ምን ያህል ርቆ እንደሚደርስ ይረዳል። ኮቪድ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተነገረ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ትንሽ ቆይቶም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኙ። በግንቦትና በሰኔ ይሰጥ የነበረው የ12ኛ ክፍል ፈተና በወቅቱ ሳይሰጥ ቀረ። የ2012ቱ ፈተና የተሰጠው በየካቲት መጨረሻና በመጋቢት መጀመሪያ 2013 ነው። አዲስ ገቢው ዘገየ፤ እሱ ሲዘገይ ሁለተኛ ዓመት የሚሆንበት ጊዜ ዘገየ፤ ዶርሙ የሚለቀቅበትም ዘገየ። የ2013ቱ ፈተና ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር መጀመሪያ 2014 ላይ ደረሰ፤ የሰሜኑ ጦርነት በደረሰባቸው አካባቢዎች ያሉ ልጆች ደግሞ ከዚያም በኋላ በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። የ2014ቱ መስከረም 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ተጀመረ። የ2015ቱ ግን ሐምሌ 2015 ላይ ተሰጠ፣ በዚያው በትምህርት ዘመኑ ማብቂያ። ማለትም አንድ መጋቢት ላይ የተሰበረው ካላንደር እስኪጠገን ከሦስት ዓመት በላይ ወስዷል።

ጥገናው የተሠራው በማን ኪሳራ እንደሆነ መጥቀስ ግድ ነው። ሴሚስተሮች ተጨመቁ፣ በመካከላቸው የነበረው ዕረፍት አጠረ፣ በክረምትም ተማሪው ክላስ ገባ። በክረምት ግቢውን ለምደውት የነበሩት የክረምት ተማሪዎች፣ አብዛኞቹ መምህራን፣ ቦታ ተሻሙ። ከገበሬ ቤት የመጣው ልጅ ለእርሻ ሥራ የሚደርስበትን ወር አጣ። ይህን ሁሉ የተሸከሙት ለካላንደሩ መሰበር አንዳች ጥፋት የሌለባቸው ወጣቶች ናቸው፤ ሊመሰገኑ ሲገባ ማንም ያመሰገናቸው አልሰማሁም።

አሁን ደግሞ ሬጅስትራሮቹ ቀድሞ ያልነበረ ግድግዳ ተተክሎባቸዋል። ከ2015 ጀምሮ ብዙ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች እየገቡ በተማሪው ዶርም አድረው፣ በተማሪው ካፌ በልተው ይፈተናሉ። ስለዚህ መደበኛው ተማሪ ሰኔ ሳያልቅ ወይም ሐምሌ ሳይገፋ ግቢውን መልቀቅ አለበት፤ በዚያው ሰሞን ተመራቂው የመውጫ ፈተናውን ይወስዳል። ድሮ ጥቅምት ላይ የባከነ ሳምንት ሐምሌ ላይ ይካስ ነበር። አሁን ሐምሌ ተይዟል። ካላንደር አርቃቂው ቆጠራውን ከመስከረም ወደ ፊት ሳይሆን ከፈተናው ወደ ኋላ ቢጀምረውና ለፋሲካው፣ ለዒዱና ለማይታወቀው መከራ ሁለት ባዶ ሳምንት ከወዲሁ ቢያስቀምጥ፣ ሴኔቱም እነዚያን ሳምንቶች ለስብሰባና ለክብረ በዓል እንዳይነኩ ቢከላከል፣ በጥቅምት የተመዘገበው ተማሪ የሚመረቅበትን ወር ለእናቱ በእርግጠኝነት መንገር ይችላል።